አጥንት የሚሞላበት ዕድሜና የጾም ማዕድ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ እናንተም ልጆቻችን፤

እንደምን ዋላችሁ።

ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 1,300 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። ከእናቷ ትበልጣለች ማለት ነው፤ አዋቂ ሴት 1,000 ይበቃታል። ምክንያቱ ሴት ልጅ ካልሲየምን በብዛት በአጥንቷ ውስጥ የምታከማቸው 12 ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናት መሆኑ ነው። በዚያ ዕድሜ ዙሪያ ባሉ 2 ዓመታት ብቻ ስታድግ ከሚኖራት የአጥንት ማዕድን ወደ ሩብ የሚጠጋው ይገባል። 18 ስትሞላ 90 በመቶው ገብቶ አልቋል። ጎተራው የሚሞላው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ያለውን መጠበቅ ነው።

ብዙ ወላጅ «ደሟ ይመርመር» ይላል። የደም ምርመራው ግን ደህና ነው ሊል ይችላል፤ ከምግብ ሲጎድል ሰውነት ከአጥንት እየወሰደ የደሙን መጠን ያስተካክላልና። ስለዚህ ከላቦራቶሪ ይልቅ ማዕዱን እንይ።

በፍስክ ቀን ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) ወተት ወይም እርጎ 300 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል፤ ሁለት ብርጭቆ የቀኑን ግማሽ ያህል ይሸፍናል። ማፍላት ካልሲየሙን አያጠፋውም፤ ጥሬ ወተት በሽታ ስለሚያስተላልፍ ይፍላ። ስቡ የተወሰደለት ወተትም ካልሲየሙ አይቀንስም። ውሃ የተቀላቀለበት ግን ይቀንሳል። ሆዷን የሚነፋት ልጅ እርጎ ትሞክር፤ ወይም ወተቱን በትንሽ በትንሹ ከምግብ ጋር ትጠጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ። አንዱ ቅቤ ነው፤ ከወተት ቢወጣም ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው አይብ ነው። አይባችን የሚረጋው በኮምጣጣ አሬራ ላይ በሙቀት ነው፤ ኮምጣጣው ካልሲየሙን ከፕሮቲኑ አላቅቆ ወደ አጓቱ ይሰደዋል። አጓቱን ጥጃና ውሻ ይጠጡታል፤ የልጅቷን ድርሻ ውሻው ወሰደው ማለት ነው። ንጹሕ አጓት ሲኖር ቂጣና ዳቦ ይቦካበት። አይብ ይበላ እንጂ በወተት ምትክ አይቆጠር።

አስቸጋሪው የጾም ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታና የነቢያት ጾም ሲደመሩ የአጥንት እድገት በሚፈጥንባቸው ዓመታት ውስጥ ወተት የሌለበት ቀን ብዙ ነው። ስለ ጾሙ መወሰን የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው። የእኛ ጉዳይ የጾሙ ማዕድ ባዶ እንዳይሆን ነው፤ ደግሞም ባዶ የመሆን ግዴታ የለበትም።

መጀመሪያ ዳጉሳ። 100 ግራም ዱቄቱ ወደ 340 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ ከእህል የሚወዳደረው የለም። ከተማ ስንገባ የድሃ እህል ብለን የተውነው እሱ ነው! ለቁርስ በ60 ግራም ዱቄት ገንፎ ይሠራላት፤ ወደ 200 ሚሊግራም ይሆናል። ይበልጥ እንዲጠቅማት ይብቀል፤ ለ12 ሰዓት ይዘፈዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆይ፣ ጅራት ሲያወጣ በፀሐይ ይድረቅና ይፈጭ። ጥቅሙ በእህል ውስጥ ካልሲየሙን የሚይዘውን ፋይቴት የሚባል ነገር መቀነሱ ነው። የሻገተ ወይም ሽታ ያመጣ ይጣል።

ጤፍም በ100 ግራም ዱቄት ወደ 180 ሚሊግራም አለው፤ እንደ አፈሩ ይለያያል። ግን ፋይቴቱን የሚቀንሰው በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን መቡካቱ ነው። ቶሎ እንዲነሣ ተብሎ በዕለቱ በዱቄት እርሾ የሚጋገር እንጀራ ያንን ጊዜ አያገኝም።

ሰሊጥ ከነገለባው በ100 ግራም 975 ሚሊግራም ያህል ይዟል፤ ተልጦ ሲቀር ወደ 60 ይወርዳል። ሀብቱ ገለባው ላይ ነው። ይሁንና ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ ቁጥሩ አያታልላችሁ። ሳይፈጭ ከተበላ ደግሞ ሳይፈጭ ይወጣል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በትንሹ ተቆልቶ፣ ደቅቆ ተፈጭቶ በፍትፍት ወይም በሰሊጥ ውሃ ይሰጣት።

ጎመንና ቆስጣ አንድ አይደሉም። የቆስጣ ካልሲየም ቅጠሉ ውስጥ ባለ ኦክሳሌት በሚባል ነገር ስለታሰረ አብዛኛው ሳይወሰድ ያልፋል። ከሐበሻ ጎመን ግን ሰውነት ከወተቱ ያላነሰ ድርሻ ይወስዳል። አንድ ኩባያ የበሰለ ጎመን ወደ 200 ሚሊግራም ይሰጣል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ጎመን የማይጠፋበት ቤት ብዙ አትርፏል።

የዳጉሳ ገንፎው፣ ሁለት እንጀራው፣ ሰሊጡ፣ አንድ ኩባያ ጎመኑና አንድ ጭልፋ ቦሎቄው ሲደመሩ ወደ 1,100 ይጠጋሉ። የቀረው በፍስኩ ቀን በወተት ይካካሳል። ጨውን በዛ አድርጎ መብላት ካልሲየምን በሽንት ያስወጣል፤ ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ወተቱ የሚጠጣበትን ብርጭቆ ይይዘዋል።

ካልሲየም ያለ ቫይታሚን ዲ በደንብ አይመጠጥም። የማለዳ ፀሐይ ደስ ይላል እንጂ ለዚህ ደካማ ነው፤ የሚጠቅመው ከ4 እስከ 9 ሰዓት ያለው ነው። ፊትና ክንድ ተገልጦ በሳምንት ብዙ ቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሁን። በመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባው አያገለግልም። መምህራን፣ የዕረፍት ሰዓት ደጅ ይሁን፤ ገመድ መዝለልና ሩጫ አጥንቱ እንዲጠነክር ያደርጉታል። ይሁን እንጂ ብዙ የምትሮጥ፣ ጥቂት የምትበላ፣ የወር አበባዋ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቀረባት ልጅ ወደ ሐኪም ትሂድ። አጥንትን የሚጠብቀው ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲወርድ አጥንቷ ይሳሳል።

ኪኒን የሚታዘዘው ምግቡ በቂ ሳይሆን ሲቀር ነው። ዕቃው ላይ የሚጻፈውን ለዩ፤ 1,250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ውስጥ ያለው ካልሲየም 500 ብቻ ነው። ከምግብ ጋር ይወሰድ፤ በአንድ ጊዜ ከ500 አይለፍ፤ ሰውነት በአንዴ ብዙ አይወስድምና። ትምህርት ቤት የብረት ኪኒን የሚሰጣት ልጅ ካለች ሁለቱ ይሻማሉ፤ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። ብረቱ ጠዋት፣ ካልሲየሙ ከእራት ጋር ቢሆን አይምታታም።

አመሰግናለሁ።