3.4 ብላ ጻፈች

እሺ... እየቀዳ ነው? ቀይዋ ነጥብ በርታለች። እየቀዳ ነው።

ሰላም ነው? እንደተለመደው ቁም ሳጥን ውስጥ ነኝ። ካፖርቱ ዛሬም ጭንቅላቴ ላይ ነው። "አውጪውና አልጋ ላይ ጣይው" ያላችሁኝ ሰዎች፣ ሞክሬዋለሁ፤ ድምፄ ጉድጓድ የገባሁ ነው የሚያስመስለው። ካፖርቱ ይቀጥላል። ዶሮውም አለ። ለእንቁጣጣሽ ይታረዳል ብዬ ነበር። እንቁጣጣሽ አለፈ፣ እሱ አለ።

ዛሬ የአከራዬን ጉዳይ ክፍል ሁለት ነበር ቃል የገባሁላችሁ። ይቆየን። እሁድ የሆነች ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላለች። አራት ቀኗ ነው። ዕቃ ሳጥብ እንኳን እሷን ነው የማስበው።

የአክስቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ልትገባ ነው። ትንሿ። ያቺ ማይኩ ላይ ቡና የደፋችብኝ። ጅማ ደርሷታል። አክስቴ በግ አርዳ ጠራችን። በግ! እኔ ስገባ አንድ ኪሎ ሥጋ ነው የተገዛው። ግን ይገባታል። የ2017ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ካለፉት ናት፤ ከመቶ 8.4 ብቻ ነው ያለፈው። የ2014ቶቹማ 3.3 ነበሩ። ከመቶ ሦስት ሰው። ሠፈር ሙሉ ልጅ ተፈትኖ አንድ በር ብቻ የሚንኳኳበት ዘመን ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለፈች ልጅ በሬ ቢታረድላትም አይበዛባትም።

ቤቱ ሞልቷል። ሁሉም መካሪ ነው። አንዱ "የጅማን ዝናብ እንዳትንቂው" ይላል። አያቴ ሦስት ጊዜ መረቀች፤ ሦስተኛው ላይ የማንን ልጅ እየመረቀች እንደሆነ የተምታታባት መሰለኝ፣ የኔን ስም ጠራች። አባዬ ደግሞ "ጅማ ተማሪውን ኅብረተሰቡ ውስጥ አስገብቶ በማስተማር የታወቀ ነው" አለ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው።

ሁለተኛው ቡና ሲቀርብ አክስቴ ወደኔ ዞረች። "እስቲ አንቺ ምከሪያት፤ ያለፍሽበት አይደለም እንዴ?"

ቤቱ ጸጥ አለ። ቴሌቪዥኑን ሳይቀር ዘጉት። ሰው ቴሌቪዥን ዘግቶ ሲያዳምጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። እናንተ እንኳን ሽንኩርት እየከተፋችሁ ነው የምትሰሙኝ፣ አውቃለሁ።

መከርኩ። ሃያ ደቂቃ። ደግሞ... ጥሩ ነበርኩ! እውነቴን ነው። መጀመሪያ ሳምንት "ክፍል አልተጀመረም" ብለሽ ከዶርም አትቅሪ አልኳት። ግማሹ ውጤት የሚለቀመው ከኩዊዝ፣ ከአሳይመንትና ከሚድ ነው፣ በአንድ በሁለት ነጥብ፤ ፋይናል ላይ አካክሳለሁ ያለ ሰው መጨረሻው አያምርም አልኳት። ሲኒየር ተጠጊ፣ የድሮ ፈተና ለምኚ። ማትስን አትሸምድጂው፣ በእጅሽ ሥሪው። መምህሩ ቢሮ ሂጂ፣ አይበላሽም። እንግሊዝኛው ቢያመልጥሽ አትደንግጪ። ሃይስኩል መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም የሚያስረዱን በአማርኛ ነበር፤ ግቢ ውስጥ ግን አጠገብሽ ያለችው ልጅ አማርኛ ላትችል ትችላለች፣ መምህሩም ለማንም አይተረጉምም፣ ይሄዳል።

እሷ ትጽፋለች። አዲስ ደብተር ነው፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው። የመጀመሪያውን ገጽ በኔ ምክር ጀመረችው። እዚህ ጋ ነው ማቆም የነበረብኝ።

ከዚያ ቀና አለች። "አንቺስ? አንደኛ ሴሚስተር ስንት አመጣሽ?"

(ረጅም ዝምታ)

ያቺን ሰከንድ ልንገራችሁ። አፌ ውስጥ ፈንዲሻ አለ። ግራ እጄ ላይ ሲኒ ይዣለሁ። ዕጣኑ ጨሷል፣ አክስቴ በሩን ልትከፍት ተነሥታለች። ልጅቷ እያየችኝ ነው። ክፋት የለባትም፣ ልታጣጥለኝም አይደለም። እስኪብርቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ቁጥር እየጠበቀች ነው። እኔም አፌን ልከፍት ነው። ምን ልል እንደነበር እስካሁን አላውቅም። እውነቱን ልናገር ነበር የሚለኝ ልብ አለኝ፣ ግን ያንን ልብ ብዙም አላምነውም።

አባዬ ቀደመኝ። "3.4 ነዋ!" አለ። ሲኒውን እንኳን ከአፉ አላራቀም።

እሷም ጻፈች። 3.4። ከሥሩ አሰመረችበት። ሁለቴ። እኔ ፈንዲሻዬን ዋጥኩ።

የቆያችሁ ታውቃላችሁ። አዲስ የመጣችሁ፣ እንግዲህ ቁጭ በሉ። እውነተኛው ውጤቴ ከ4፣ 1.91 ነው። አንድ ነጥብ ዘጠኝ አንድ። ከ2 በታች ዋርኒንግ ነው፤ አንድ እግርሽ ግቢ፣ አንዱ መናኸሪያ ማለት ነው። ማትስ ዲ። ሎጂክ ሲ። ሳይኮሎጂ፣ ሁሉም ሰው የሚያነሣው ሳይኮሎጂ፣ ሲ። ፊዚካል ፊትነስን አልፌያለሁ፤ መሮጥስ እሮጣለሁ።

እኛ እኮ ያ ፍሬሽማን ተመልሶ የመጣብን ባች ነን፣ የ2012። ከኛ በፊት የነበሩት በቀጥታ ዲፓርትመንታቸው ይገቡ ነበር። እኛ ላይ ሲደርስ ሁላችሁም መጀመሪያ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ፣ ሎጂክ፣ ማትስ ተማሩ ተባለ። ሲኒየሮቹም ግራ ገብቷቸዋል፣ የሚሰጡን የድሮ ፈተና የለም። ይሄ ሰበብ ነው? ትንሽ ሰበብ ነው። ከዶርሜ አንዷ 3.8 አምጥታለች፣ ያውም እዚያው ፍራሽ ላይ ተኝታ። እና... ሰበብ ነው።

ግሬድ በወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ኮሮና ገባ። መጋቢት 2012። ግቢው ሁሉ ወደየቤታችሁ ሂዱ ተባለ። አስቡት፣ 1.91ን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ፣ ከእናት ከአባቴ ጋር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ለወራት! የትም መውጣት የለም። መጀመሪያ "አልተለቀቀም" አልኩ። ከዚያ "ኔትወርክ የለም"። አንድ ቀን እጃችንን በበረኪና ውሃ እየታጠብን አባዬ "አሁንም አልተለቀቀም?" ሲለኝ ወጣልኝ፤ "3.4"። ለምን 3.4? ተጨንቄበታለሁ እኮ። 3.9 ብል አያምንም። 3 ብል ፊቱ ይወድቃል። 3.4 ግን የለፋ ሰው ውጤት ይመስላል። ነጥብ አራቷ ናት ያሳመነችው። በማግስቱ ሠፈሩ ሁሉ አወቀ። ከቤት አትውጡ ተብሎ፣ ወሬው ግን በአጥር ወጣ።

ሎጂክ ላይ አንድ ምዕራፍ ነበር፣ ስለ ፋላሲ፣ ማለትም ስለ ተሳሳተ ክርክር። ሲ ባመጣም ያቺን አልረሳኋትም። "አፒል ቱ አንኳሊፋይድ አውቶሪቲ" ይላል። የማይመለከተውን ሰው ምስክር አድርጎ ማቅረብ። እሁድ እሱ እኔ ነበርኩ። ቄጠማ ተጎዝጉዞልኝ!

ግን... ቆይ። ምክሩ ውሸት ነው? አይደለም። አንዱም ውሸት የለበትም። ሁሉንም የተማርኩት ግን ከ1.91 ነው። ስለ ኩዊዝ የማውቀው ሁለት ኩዊዝ ተኝቼ ስላመለጠኝ ነው። ስለ መምህር ቢሮ የማውቀው ሴሚስተሩን ሙሉ በሩ ጋ ደርሼ ስመለስ ስለነበር ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በቃሌ እወጣዋለሁ። በ2013 ጭምብላችንን አድርገን ስንመለስ ነው የገባሁት። መምህሩ የመጀመሪያዋን መስመር አይቶ "እዚህ ጋ ነው የተሳሳትሽው፣ ሌላው ልክ ነው" አለኝ። አምስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። ያስለቀሰችኝ ያቺ አምስት ደቂቃ መሰለችኝ። ለዚያች ስንት ወር ፈራሁ!

ይሄን ልነግራት ይገባ ነበር። ይሄን መጻፍ ነበረባት፣ ከቁጥሩ ይልቅ። ልጅቷ ጅማ ሄዳ የመጀመሪያው ሚድ ላይ ከሃያው ስድስት ብቻ ብታመጣ፣ ደብተሯን ገልጣ ምን ልታይ ነው? 3.4። ሁለቴ የተሰመረበት። ሌሊት፣ ዶርም ውስጥ፣ በስልኳ መብራት። ከዚያ እሷም "ኔትወርክ የለም" ማለት ትጀምራለች።

ወይ ደግሞ 3.4 ያበረታታት ይሆናል። አላውቅም። ሰው በውሸትም ይበረታል እንዴ? እኔ ራሴ ከዋርኒንጉ የወጣሁት በከፊል ውሸቱን እውነት ለማድረግ ነበር። አልደረስኩበትም፤ ተመርቄ ስወጣ እንኳን 3.1 ነው። መውጫ ፈተናውንም አልፌ። መጥፎ አይደለም። ግን አንድም ሴሚስተር 3.4 አምጥቼ አላውቅም፣ ያቺ ቁጥር የኖረችው በአባዬ አፍ ውስጥ ብቻ ነው።

ዶሮው። ሰማችሁት? በዚህ ሰዓት የሚጮህ ዶሮ ምን ዓይነት ዶሮ ነው?

እሺ፣ አሁን የምነግራችሁ ትናንት ማታ የመጣችልኝ ነች። እዚህች ጋ ነው እንቅልፌ የጠፋው።

በዚያ የኮሮና ጊዜ፣ ውሸቱን ከዋሸሁ አንድ ወር ቢሆን ነው፣ ጠዋት ስነሣ ጠረጴዛው ላይ የማትስ መጽሐፍ አገኘሁ። አሮጌ ነው፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ። አባዬ ከሥራ ባልደረባው ልጅ ተውሶ ነው። "ጊዜ እንዳይባክን ማትሷን እያት" አለኝና ሬዲዮኑን ከፈተ። እኔም አየኋት። ምን ልሠራ፣ የትም አይወጣ። ክረምቱን ሙሉ ያንን መጽሐፍ ሠራሁ።

ማትሷን።

ሳይኮሎጂዋን አላለም። ጂኦግራፊዋን አላለም። 3.4 ያመጣች ልጅ ማትስ ላይ ችግር እንዳለባት በምን አወቀ? ደግሞ ግሬዴን ያየሁት በማን ስልክ ነበር? የኔ ስክሪኑ ተሰብሮ የለ። በሱ ስልክ ነው። ፖርታሉ ላይ ገብቼ፣ አይቼ... ወጥቻለሁ? ዘግቼዋለሁ?

ምናልባት ማትስ ለሁሉም ሰው ይከብዳል ብሎ ነው። አባት አይደል፣ ገምቶ ነው። ሊሆን ይችላል።

ካወቀ ግን... ካወቀ እሁድ "3.4 ነዋ" ያለው ምን ብሎ ነው? እንዳላፍር ነው? ወይስ አምስት ዓመት ሙሉ "እስቲ መቼ ትናገር ይሆን" እያለ እየጠበቀኝ ነው? ፊቱን ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። ሲኒው ሸፍኖታል። አፉን አላየሁትም። ዓይኑን ግን... ወደኔ አልዞረም፣ ያቺን እርግጠኛ ነኝ። ሰው በልጁ ሲኮራ ወደ ልጁ አያይም?

ትንሿ ማክሰኞ ትሄዳለች። ጠዋት 12 ሰዓት መኪና ነው፣ አክስቴ ከአሁኑ ዳቦ ቆሎ እየጋገረች ነው። ቴሌግራም ላይ ጽፌላት ነበር። "ያ ቁጥር የኔ አይደለም፣ ሰርዢው" ብዬ። አጠፋሁት። ከዚያ "1.91" ብቻ ብዬ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁት። "የኔ እህት፣ ብርድ ልብስ እንዳትረሺ" የሚለው ነው የተላከው። እሷም ልብ ላከችልኝ፣ አምስት ልብ።

ልደውልላት ይሆናል። ወይ ማክሰኞ መናኸሪያ እሄዳለሁ። አባዬም ሊሸኛት ይመጣል እንግዲህ፣ ሻንጣውን እሱ ነው የሚሸከመው፣ ሁለታችንም እዚያ... 

ስልኬ 4 ፐርሰንት እያለኝ ነው። ቻርጀሩ ደግሞ ሳሎን ነው፣ አከራዬ አለች፣ አሁን ብወጣ ስለ ውሃው ትጀምረኛለች። እስቲ...