አየሩስ አያልቅም ወይ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጎጃም ይዤው የመጣሁትን አንድ ጥያቄ ላጫውታችሁ።

ታኅሣሥ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ያለችው ቀበሌያችን ለጤፍ ውቂያ ሄጃለሁ። አባዬ አውድማው መሀል ቆሞ የተወቃውን በላይዳ እያነሳ ለነፋስ ይሰጠዋል። ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል። እብቁ ግን ፀሐይ ላይ ወርቅ መስሎ ይንሳፈፍና አጥሩን ተሻግሮ ይሄዳል። እያየሁት ሳለ፣ "የምድር አየርም እንዲሁ ነው እኮ አባዬ፤ ቀላል ቀላሉ ወደ ጠፈር ይሄዳል" አልኩት።

ላይዳውን አቆመ። "አየሩስ አያልቅም ወይ ልጄ?"

ከእኛ በላይ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አየሩ በጣም ስስ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚጋጩት ከስንት አንዴ ነው። እዚያ ወደ ላይ የተስፈነጠረን ቅንጣት የሚመልሰው ስበት ብቻ ነው። በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ ደግሞ ስበትም አይመልሰውም። ሙቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ ቀላሉ ይፈጥናል፣ ከባዱ ይዘገያል። ስለዚህ ሃይድሮጅን ያመልጣል፤ በየሰከንዱ 3 ኪሎ ገደማ። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ከባድ ነውና አብዛኛው እዚሁ ነው። ማርስ ላይ ግን ለማምለጥ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ይበቃል። የፀሐይን ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ የሚፈልቀውን የቅንጣቶች ጎርፍ፣ የሚከላከል እንደ ምድር ያለ መግነጢሳዊ መስክም የላትም። አሁን የቀራት አየር ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ግፊቱ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

"ውኃውስ?" አለኝ ቀጥሎ። የጮቄ ተራራ ልጅ ውኃን አይረሳም፤ አባይን የሚመግቡት ስንቱ ወንዞች ከዚያ ነው የሚነሱት።

ውኃችንን የያዘልን ብርድ ነው። በእኛ ሰማይ 16 ወይም 17 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። እንፋሎቱ እዚያ ሳይደርስ በረዶ ይሆንና ይመለሳል፤ ጮቄ ላይ ንጋት ሳሩን እንደሚያነጣው ውርጭ በሉት። ያንን ብርድ አልፎ ቢወጣ ኖሮ የፀሐይ ጨረር ይሰነጥቀው ነበር። ሃይድሮጅኑም በዚያው ይሄድ ነበር።

አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ የሆነችው ይሄን ይመስላል። በአየሯ ውስጥ ከባዱ የሃይድሮጅን ዓይነት፣ ከቀላሉ አንጻር ሲለካ፣ ከምድር ከ100 እጥፍ በላይ ይበልጣል። አውድማ የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ቀላሉ ሄዷል።

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ጋቢያችንን ደርበን ደጅ ወጣን። በጣቴ አሳየሁት። አባዬ ብዙ ቆሞ አያት።

"ውኃ ነበራት?" አለኝ።

"ሳይኖራት አልቀረም" አልኩት።