ከዋንዛ ቦዲ የድሮ ዓይነት ቤዝ ጊታር መገጣጠም፣ ባህር ዳር

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ዛሬ የምናየው ከየቦታው በተሰበሰበ ዕቃ የድሮ ዓይነት ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር እንዴት እንደሚገጣጠም ነው፣ ቦዲው (የጊታሩ አካል) እዚሁ ባህር ዳር እንጨት ቤት ከዋንዛ የተቆረጠ፣ አንገቱና ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው) ደግሞ በዘመድ ሻንጣ ከውጭ የመጣ። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲያስብ የሚጨነቀው ስለ እንጨቱና ስለ ቀለሙ ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ልኬቱን ያዙ ነው የምላችሁ፣ ልኬቱ ከተሳተ የትኛውም ውድ ፒክአፕ አያድነውም።

የምን ልኬት ካላችሁ ይሄውላችሁ። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ድምጹን የሚያገኘው በጣቱና በጆሮው ነው፣ ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ኮንትራባስም እንደዛው ነው። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር በፈረንጆች 1951 ካሊፎርኒያ ላይ ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ አንገቱ ላይ ፍሬት፣ ማለትም አግድም የሚገቡ ቀጫጭን ብረቶች፣ አደረገበት፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፣ ፕሪሲዥን ትክክለኛነት ማለት ነው፣ ጣትህን ከፍሬቱ ኋላ ካሳረፍክ ድምጹ በትክክል ይወጣል። ግን ይሄ እውነት የሚሆነው ከነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት) እስከ ብሪጁ (ቦዲው ላይ ክሮቹ ከሚታሰሩበት) ያለው ርቀት ትክክል ከሆነ ብቻ ነው። ያ ርቀት 34 ኢንች ነው፣ 864 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እስከ ዛሬም አብዛኛው ቤዝ በዚሁ ነው የሚሠራው። ፍሬቶቹ ለዚህ ርቀት ታስበው ስለተቆረጡ ብሪጁን ያለቦታው ከተከልከው ቤዙ ዕድሜ ልኩን አይቃኝም፣ ባዶ ክሩ ልክ ይሆንና ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር እየተዛባ ይሄዳል።

ዋንዛው ላይ ብዙ አልቆይም። ፌንደር አሽና አልደር የሚባሉ የፈረንጅ እንጨቶችን ነበር የሚጠቀመው፣ እኛ ጋ ደግሞ ከበሮ የሚፈለፈልበት ዋንዛ አለ፣ ለመላግ ይመቻል፣ መልኩም ያምራል። ውፍረቱን 45 ሚሊ ሜትር ገደማ አድርጉት፣ አንድ ሰፊ ጣውላ ካልተገኘ ሁለቱን በኮላ አጣብቆ በሞርሳ አስሮ ማሳደር ነው። ዋናው ነገር እንጨቱ የደረቀ ይሁን፣ ክረምት ላይ የተገዛ እርጥብ ጣውላ በበጋ ይጣመማል፣ አናጺው «ደርቋል» ቢላችሁ እንኳ ቤት ውስጥ ጥላ ላይ አቆዩት። ሌላው ደግሞ የድሮዎቹ መቃኛዎች ትልልቅና ከባድ ናቸው፣ ቦዲው በጣም ከቀለለ ማንገቻውን አድርጋችሁ ስትቆሙ አንገቱ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ስለዚህ የቦዲውን የላይኛ ቀንድ፣ ወደ አንገቱ የሚዘረጋውን ጫፍ፣ አታሳጥሩት፣ የማንገቻው ቁልፍ እስከ 12ኛው ፍሬት አካባቢ መድረስ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፣ አንገቱ ቦዲው ላይ የሚቀመጥበት ጉድጓድ። የአንገቱ ተረከዝ ስፋት 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን በኔ ቁጥር አትቁረጡ፣ አንገቱ እጃችሁ ሳይገባ ጉድጓዱ አይቆረጥ፣ በካሊፐር ለክታችሁ በመሮ ቀስ እያላችሁ አስፉት። ያለ ብሎን ገብቶ ጊታሩን በአንገቱ አንጠልጥላችሁ ስታነሱት ቦዲው ካልወደቀ ያ ነው የሚፈለገው። ከዚያ አራት ብሎን ነው የሚይዘው፣ አንገቱ ሜፕል ከሚባል የፈረንጅ እንጨት ስለሆነ ጠንካራ ነው፣ ቀድማችሁ በ3 ሚሊ መሰርሰሪያ ካልበሳችሁት ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል ወይ ብሎኑ ውስጥ ይሰበራል፣ ብሎኑንም ሳሙና ቀባ አድርጉት በቀላሉ ይገባል።

(እዚህ ጋ ካሜራው ብሪጁ ላይ ይቅረብ)

ብሪጁን አንገቱ ሳይታሰር እንዳትበሱ። አንገቱ ከታሰረ በኋላ ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ለኩ፣ የ34 ኢንች ግማሽ ነው፣ 432 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ከ12ኛው ፍሬት ወደ ብሪጁ ቆጥራችሁ በእርሳስ አስምሩ፣ የቀጭኑ ክር መደገፊያ እዛ መስመር ላይ ይቀመጣል፣ የወፍራሙ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል ምክንያቱም ወፍራም ክር ሲጫኑት ይበልጥ ይወጠርና ድምጹ ከፍ ይላል። ሁለት የስፌት ክር ከነቱ ጫፍና ጫፍ እስከ ብሪጁ ወጥራችሁ እዩ፣ ክሮቹ ከአንገቱ ጠርዝ በግራም በቀኝም እኩል መራቅ አለባቸው። እኩል ከሆነ ብቻ ብሱ። ይሄ ቦታ ላይ ግማሽ ቀን ቢወስድባችሁም አትቸኩሉ፣ ቀዳዳ አንዴ ከተበሳ ሌላውን ሁሉ ይወስናል።

ፒክአፑ በ1957 የመጣው ሁለት ቦታ የተከፈለው ነው፣ አንዱ ግማሽ ኢ እና ኤ የሚባሉትን ወፍራም ክሮች ይይዛል፣ ሌላው ዲ እና ጂ የሚባሉትን ቀጫጭኖቹን። ይሄን የመረጥኩት ለእኛ አገር ስለሚሆን ነው፣ ሰርግ ድንኳን ውስጥ ጄኔሬተሩ፣ ፓውዛው፣ ያ ሁሉ የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ አለ፣ የሁለቱ ግማሾች ጥቅልልና ማግኔት እርስ በርስ ተገላብጦ ስለተሠራ ጉርምርምታው ይጠፋል የክሩ ድምጽ ግን ይደመራል። በቴስተር ስትለኩት 10 ወይም 11 ኪሎ ኦም አካባቢ ካሳየ ደህና ነው። ከፒክአፑ ወደ ድምጽ መቆጣጠሪያው ከዚያ ወደ ቶን (የድምጹን ቅጥነት የሚቀንሰው)፣ ሁለቱም 250 ኪሎ ኦም፣ ቶኑ ላይ 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ የጥንቱን ድፍን ያለ ድምጽ የፈለገ 0.1 ያድርግ። ከብሪጁ ሥር አንድ ሽቦ ወጥቶ ከመቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ይበየድ፣ ብዙ ሰው ይሄን ሽቦ ይረሳና ክሩን ቢነካውም ቤዙ መጮኹን አያቆምም። ብየዳ ካልለመዳችሁ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት፣ ለሱ ቀላል ሥራ ነው።

ቀለሙ ስስ ይሁን፣ ዋንዛው ይታይ፣ እኔ ቫርኒሽ ብቻ ነው የምመርጠው።

ክር ላይ ግን ቆም በሉ። ሞታውን በሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ቤት ቤዝ ተጫዋች የነበረው ጄምስ ጀመርሰን የ1962 ፕሪሲዥን ቤዙ ላይ ለስላሳውን ፍላት ክር ነበር የሚያደርገው፣ የድሮዎቹ ቤዞች የብሪጅ ክዳን ሥርም ስፖንጅ ነበረው፣ ድምጹን አጭርና ክብ ያደርገዋል። ፈጣን የጎጃም እስክስታ ምት ላይ ይሄ በጣም ያምራል፣ ቤዙ ቶሎ ስለሚቋረጥ ማሲንቆውን አይሸፍነውም፣ ከበሮው ጋ አንድ ላይ ይመታል። ስለዚህ ብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር ቁራጭ ስፖንጅ አስገቡና ስሙት፣ ካልወደዳችሁት ታወጡታላችሁ።

መጨረሻ ላይ መቃኘት። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ የሚወጣውንና ተጭናችሁ የሚወጣውን አወዳድሩ፣ የተጫናችሁት ከፍ ካለ የክሩን መደገፊያ ወደ ኋላ ሳቡት፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ከዚያ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፍሬት ተጫኑና 8ኛው ፍሬትና ክሩ መሃል ያለውን ክፍተት እዩ፣ 0.35 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከዚህ ከራቀ የሚስተካከለው በትረስ ሮዱ፣ አንገቱ ውስጥ ባለው ብረት ነው። የድሮ ዓይነት አንገት ማስተካከያው ተረከዙ ጋ ስለሆነ አንገቱን ሳትፈቱ አታገኙትም፣ ክሩን አላሉ፣ አራቱን ብሎን ፍቱ፣ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩና መልሳችሁ እሰሩ። ጣና ዳር ክረምትና በጋው ስለሚለያይ አንገቱ ይንቀሳቀሳል፣ ሐምሌ ላይ አንዴ ጥር ላይ አንዴ ይሄንኑ ልኬት መልሳችሁ ውሰዱ።