ብቻቸውን የመጡ ልጆችና የእኛ ቤት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ያነሳነው ጉዳይ ወላጅ ሳይከተላቸው እንግሊዝ ገብተው ጥገኝነት የጠየቁ ልጆችና እነሱን ተቀብለው የሚያሳድጉ ፎስተር ቤተሰቦች ነበር። በአየር ላይ ጊዜ አጥሮን የዘለልናቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። የማወራው ስለ እንግሊዝ ሕግ ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሕግ አላቸው።

«የአክስቴ ልጅ ልጅ ነው፤ 15 ዓመቱ ነው። በከባድ መኪና ተደብቆ ገብቶ በሰው ስልክ ከመንገድ ዳር ደወለልኝ። ሄጄ አመጣሁት። እኔ ቤት ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነው። ለካውንስል ብናገር ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ።» (አድማጭ ከሊድስ)

ወንድሜ፣ ሄደው ማምጣትዎ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ግን ሳያድሩ ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) የሕፃናት ክፍል ይደውሉ። ምክንያቱን ልንገርዎ።

ከ16 ዓመት በታች የሆነን ልጅ፣ ወላጁ ወይም የቅርብ ዘመዱ ያልሆነ ሰው 28 ቀንና ከዚያ በላይ ቤቱ የሚያኖረው ከሆነ ለካውንስል ማሳወቅ ግዴታ አለበት። በዚህ ሕግ የቅርብ ዘመድ የሚባሉት አያት፣ ወንድም፣ እህት፣ አጎት፣ አክስትና የእንጀራ ወላጅ ናቸው። በእኛ ወግ የአክስት ልጅ ወንድም ነው፣ የሱም ልጅ ልጅዎ ነው። በወረቀቱ ግን እርስዎ እንደ ባዕድ ነው የሚቆጠሩት።

ይህ የግዴታው ጎን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የልጁ መብት ነው። የሚያሳድገው ወላጅ እዚህ አገር ስለሌለ፣ በ1989 የወጣው የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 20 ካውንስሉ መኖሪያ እንዲሰጠው ያስገድዳል። ይህ ማለት ከእርስዎ ቤት ይወጣል ማለት አይደለም። ዘመድ ወይም ወዳጅ የሆነ ሰው ልጁን ይዞ እንዲቆይ ካውንስሉ እስከ 16 ሳምንት ጊዜያዊ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤትዎንና የፖሊስ መዝገብዎን አይተው፣ እርስዎንና ልጁን አነጋግረው ሙሉ ግምገማውን ይሠራሉ። ካለፉ የሱ ሕጋዊ ፎስተር ይሆናሉ፤ ለወጪውም ይከፈልዎታል።

አሁን ዋናው ነገር። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ከካውንስሉ የሚያገኘው ድጋፍ የሚወሰነው ከዚያ በፊት በካውንስሉ እንክብካቤ ሥር በቆየበት ጊዜ ነው። ከ14 ዓመቱ ጀምሮ በድምሩ ቢያንስ 13 ሳምንት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነው 16 ከሞላው በኋላ መሆን አለበት። ያንን ያሟላ ልጅ የራሱ አማካሪ ይመደብለታል፣ ለቤትና ለትምህርት ይታገዛል። ማንም ሳያውቅ ዘመድ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ሁሉ ያጣል። እንዲህ ያለ ልጅ 18 ሞልቶት ወደ እኛ ቢሮ ሲመጣ ማየት ያማል፤ ያሳደጉት ሰዎች ምንም ክፋት አላሰቡም።

ስለዚህ ሶሻል ወርከሯ (የካውንስሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) ስትመጣ አንድ ጥያቄ ይጠይቋት፦ «ይህ ልጅ በአንቀጽ 20 ነው ያለው ወይስ በግል ስምምነት?» መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ካውንስሎች አንዳንዴ «ዘመዱ ጋ አለ» ብለው በግል ስምምነት ሊያልፉት ይፈልጋሉ፤ ወጪው ይቀንስላቸዋልና። ያኔ የሕፃናት ሕግ ጠበቃ ያስፈልግዎታል።

ለጥገኝነቱም ጠበቃ ይያዝለት። ለልጅ የመንግሥት የጠበቃ ድጋፍ አለ፤ ገንዘብ አይከፈልም። ካፌ ተቀምጦ «ኬዝ እሠራለሁ» ለሚል ሰው የልጁን ታሪክ እንዳያስነኩ።

ሊወስዱት ይችላሉ ወይ? አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ከጠበበ ወይም የሚያሰጋ ነገር ካገኙ ሌላ ቦታ ያስቀምጡታል። እንደዚያም ቢሆን መጠየቅና ማግኘት ይችላሉ። ተደብቆ ከሚያድግ ይሻለዋል።

«ልጆቼን ብቻዬን ነው ያሳደግሁት። ኬር ሆም እሠራለሁ፣ የምኖረው በካውንስል ቤት ነው፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት የለኝም። ፎስተር መሆን እችላለሁ?» (አድማጭ ከበርሚንግሃም)

ይችላሉ እህቴ። ባል መኖሩ፣ የራስ ቤት መኖሩ፣ ፓስፖርቱ ግዴታ አይደሉም። የሚፈለገው 21 ዓመት የሞላዎት፣ እዚህ አገር ነዋሪ የሆኑና አብዛኛውን ጊዜ ለልጁ ትርፍ መኝታ ክፍል ያለዎት መሆኑ ነው። ዘላቂ የመኖሪያ ፈቃድ ካለዎት አይጨነቁ። የጊዜ ገደብ ያለው ከሆነ አስቀድመው ካውንስሉን ይጠይቁ።

የሌሊት ፈረቃ ከሆኑ ግን ያስቸግራል። ገና የመጣ ልጅ በሌሊት የሚነቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ ቤት ውስጥ አዋቂ ሊኖር ይገባል።

ግምገማው ወራት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ዓመት አካባቢ። ሥልጠና አለ። የጤና ምርመራ አለ። ቤቱ ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ የፖሊስ መዝገቡ ይታያል። ሶሻል ወርከር ደጋግማ እየመጣች ስለ ልጅነትዎ፣ ስለ ትዳርዎ፣ ስለ ፍቺው ጭምር ትጠይቃለች። ሰዎቻችን ብዙውን ጊዜ የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው። «ጓዳዬን ምን አገባት?» ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ግን የሚጠየቀው አደጋ ላይ የቆየ ልጅን ለማስረከብ ነው፤ ማን ቤት እንደሚገባ መታወቅ አለበት። ስለ ችግርዎ ሲጠየቁ አይሸፍኑ። መከራ አይቶ የተሻገረ ሰው ብዙ ጊዜ ጥሩ ፎስተር ነው የሚወጣው።

ስለ ገንዘቡ፦ የፎስተር ክፍያ ከዩኒቨርሳል ክሬዲት (ከመንግሥት ድጎማው) አይቀነስም። በካውንስል ቤት ለሚኖር የጸደቀ ፎስተርም የኪራይ ድጋፉ ሲሰላ አንድ ተጨማሪ ክፍል ይፈቀዳል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይወቁ። ፎስተር ልጅን መምታት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ጥፊም ቁንጥጫም። «እኔ ተቆንጥጬ ነው ያደግሁት» ማለት አያድንም። እነዚህ ልጆች በመንገድ ላይ ብዙ ተደብድበዋል። ቤት ውስጥ የተነሳ እጅ ሊያዩ አይገባም።

«ሎንደን በሐበሻ ተሞልታ፣ ኤርትራዊውን ልጅ ቋንቋው በማይሰማበት ገጠር ከእንግሊዝ ቤተሰብ ጋር ለምን ይወስዱታል?» (አድማጭ ከሎንደን)

ልጆቹ በብዛት የሚደርሱት ኬንት ነው፣ ዶቨር ወደብ። ሁሉም እዚያ ቢቀሩ ኬንት አይችላቸውም። በ2016 ልጆቹን ለሌሎች ካውንስሎች የማከፋፈል ሥርዓት ተጀመረ፤ ያኔ በውዴታ ነበር። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ግዴታ ሆነ። አንድ ካውንስል ዘንድ ያሉት እንዲህ ያሉ ልጆች ከአካባቢው ሕፃናት ቁጥር 0.1 በመቶ ከበለጡ፣ አዲስ የሚመጡት ወደ ሌላ ካውንስል ይዛወራሉ። ክፍት ቦታ የተገኘው ራቅ ያለ ገጠር ከሆነ ልጁ እዚያ ይሄዳል።

ቦታ ሲጠፋ የሚሆነውን አይተናል። ከ2021 ጀምሮ ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ልጆችን ሆቴል ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ ከ4,600 በላይ ልጆች በዚያ አልፈዋል። በጥር 2023 የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ ለፓርላማ ሲናገሩ 200 ልጆች ጠፍተው አልተገኙም ነበር። በሐምሌ 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕገ ወጥ ነው አለ። ፎስተር ቤት ቢበዛ ኖሮ ያ ሁሉ ልጅ ሆቴል ባላደረ።

ሕጉ ካውንስሉ ልጁን ሲያስቀምጥ ሃይማኖቱን፣ ዘሩን፣ ባህሉንና ቋንቋውን ከግምት እንዲያስገባ ያዛል። ግን ከሌለ ሰው አይመርጥም። የእኛ ሰዎች ካልተመዘገቡ ሶሻል ወርከሯ ከየት ታምጣቸው?

ሌላም አለ፤ ይህን ሳልል አላልፍም። ቋንቋ መጋራት ሁልጊዜ መተማመን አይደለም። ከትግራይ ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ ልጅ አማርኛ ስለቻለ ብቻ አማርኛ ተናጋሪ ቤት ውስጥ ደህንነት ይሰማዋል ማለት አይደለም። የኦሮሞ ልጅም፣ የአማራ ልጅም እንደዚያው። ኤርትራዊ ልጅ ደግሞ ወሬው አገር ቤት ላለችው እናቱ መዘዝ ይሆናል ብሎ የገዛ ወገኑን ሊፈራ ይችላል። ደላላውም አስተርጓሚውም አብዛኛውን ጊዜ የአገሩ ሰው ነበር። አንዳንድ ልጅ «ሐበሻ ቤት አታስገቡኝ» ይላል። ቅር አይበለን። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ልጁ ነው። ፎስተር ለመሆን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሳሎን ውስጥ የሚከፍተውን ፖለቲካ ቴሌቪዥን ከአሁኑ ያስብበት።

«ጎረቤቴ እንግሊዛዊት ናት፣ የ14 ዓመት ኤርትራዊ ልጅ ተቀብላለች። ምግብ ይተዋል፣ ሌሊት መብራት አያጠፋም፣ ስልኩን ከእጁ አይለይም። ጨነቃት።» (አድማጭ ከሼፊልድ)

መጀመሪያ ጎረቤትዎ ቀኑን ትመልከት። የሚተወው ረቡዕና አርብ ነው? እንዲህ ያለ ጉዳይ ገጥሞኛል። ሴትየዋ ዶሮ በክሬም ሠርታ ታቀርባለች፤ ልጁ አመስግኖ፣ ደረቅ ዳቦ ይዞ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ጠላኝ ብላ ታለቅስ ነበር። ልጁ እየጾመ ነው። እንግሊዝኛ ስለማይችል አልነገራትም። ምስር ያለ ቅቤ፣ ድንችና ጎመን በዘይት፣ ትንሽ በርበሬ፤ ነገሩ አለቀ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን መሆኑን፣ ፋሲካም የእንግሊዞቹ ቀን ላይ ላይውል እንደሚችል ይንገሯት። ግን እርስዎ አይወስኑለት። ሙስሊም ሊሆን ይችላል፣ ጴንጤ ሊሆን ይችላል፣ መጾም አቁሞም ሊሆን ይችላል። ይጠየቅ።

መብራቱን ትተውለት። ሊቢያ ታስሮ የነበረ ልጅ ጨለማ ምን እንደሆነ ያውቃል። መሬት ላይ ቢተኛም አታንሳው። ሌሊት ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ታንኳኳ፣ ስሟን ትጥራ። ስለ መንገዱ ግን አትጠይቀው። ልጁ ራሱ ካወራ ትስማ። ዝርዝሩን ለጠበቃው ነው የሚናገረው።

ስልኩ እናቱ ናት። ዳታ እንዳያልቅበት ትርዳው። በስልክ አውርቶ ከተረበሸ፣ ገንዘብ አስቸኳይ እንደሚያስፈልገው ከተናገረ፣ ሥራ መፈለግ ከጀመረ ግን ለሶሻል ወርከሩ በዚያው ቀን ትንገር። ቤተሰቡ ለደላላ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል። ልጆች ከፎስተር ቤት የሚጠፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቤተሰቡ ወሬ ከጠፋበት ደግሞ ቀይ መስቀል ዘመድ የማፈላለግ አገልግሎት አለው፤ በነፃ ነው፣ ምስጢርም ይጠብቃል። ልጁ ሳይፈልግ ግን ፍለጋ አይጀመርም።

እርስዎም እህቴ፣ እንጀራ ይዘው ድንገት በር አያንኳኩ። በጎረቤትዎ በኩል ይጠየቅ፣ እሺ ካለ ይሂዱ። ፎቶ አያንሱት። ፌስቡክ ላይም ቲክቶክ ላይም እንዳይወጣ።

«አብሮን የሚጸልይ ልጅ 2001 ነው የተወለድኩት አለ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማለቱ ነው። እነሱ እንዳለ ጻፉት። አሁን ከአዋቂዎች ጋር ሆቴል ውስጥ ነው።» (አድማጭ ከማንቸስተር)

በጣም አስቸኳይ ነው። 2001 በእኛ አቆጣጠር በፈረንጆቹ 2008 ወይም 2009 ነው። በአንዲት መስመር ስህተት ልጁ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ተጨመረበት። ዛሬውኑ ሆቴሉ ላለበት ካውንስል የሕፃናት ክፍል ተደውሎ «ልጅ ነኝ የሚል ሰው ከአዋቂዎች ጋር አለ» ይባል። ዕድሜው በአግባቡ ሲጣራ ሁለት የሠለጠኑ ሶሻል ወርከሮች፣ አስተርጓሚና ልጁን የሚደግፍ ገለልተኛ አዋቂ ይኖራሉ። ጥርጣሬ ካለ ለልጁ ጥቅም መተርጎም አለበት።

ውሳኔው ከተበላሸ በፍርድ ቤት መሞገት ይቻላል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ በፍጥነት፣ ቢዘገይ በሦስት ወር ውስጥ። የትምህርት ቤት ካርድ ወይም የጥምቀት ወረቀት ካለ ከአገር ቤት ያስመጡ። የተሠራ ወረቀት ግን በምንም ዓይነት አይነካ፤ እውነተኛውን ታሪኩን ያበላሽበታል።

«18 ሲሞላው ያስወጡታል?» (ሦስት አድማጮች ጠይቀውታል)

የግድ አይደለም። ልጁም ፎስተሩም ከተስማሙ እስከ 21 ዓመቱ እዚያው ቤት መቆየት ይችላል፤ ከ2014 ጀምሮ ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። አማካሪውም እስከ 25 ሊከተለው ይችላል። ችግሩ የጥገኝነት መልሱ ላይ ነው። መልስ ሳያገኝ 18 የሚሞላው ልጅ አለ። ተከልክሎ ይግባኙም ካለቀ ድጋፉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሌላው ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር፣ እዚህ አገር ጥገኝነት ያገኘ ልጅ በስደተኛ ቤተሰብ ማገናኛው ሕግ ወላጆቹን ማስመጣት አይችልም። ልጁ «እናቴን መቼ ነው የማመጣው?» ብሎ ከጠየቃችሁ የማይሆን ተስፋ አትስጡት። ጠበቃው ራሱ ያስረዳው።

የ17 ዓመት ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ በሚቀጥለው የግምገማ ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር አንሱ፦ ጠበቃው ለሆም ኦፊስ መቼ እንደጻፈ፣ ልጁም እናንተ ዘንድ መቆየቱ በዕቅዱ መግባቱን። ሁለቱም በቃለ ጉባኤው ይስፈሩ።