ማዕድን እንዲያጠና የተላከው ልጅ

(በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች የሥዕል ዐውደ ርዕይ መክፈቻ ላይ በሥዕል መምህሩ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ ስለ አፈወርቅ ተክሌ ጥቂት እላለሁ። በኋላ ዘመናቸው ስማቸው የሚጠራው "እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት" ከሚለው ማዕረግ ጋር ነበር። እኔ የማወራው ግን ከማዕረጉ ሁሉ በፊት ስለነበረው ልጅ ነውና "እሳቸው" ማለቱን ትቼ "እሱ" ብል እንደ ድፍረት አትቁጠሩብኝ።

ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለደ። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ አራት ዓመት አልሞላውም፤ ሲወጣ ስምንቱን አልፎ ነበር። ይህ ልጅ በትውልድ ከተማው ግድግዳዎች ላይ ይሥል ነበር። ሠዓሊ መሆኑን ቤተሰቡም ጓደኞቹም ያወቁለት ከዚያ ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶች፣ አዲስ በተቀባ ግድግዳ ላይ የከሰል ሥዕል አይታችሁ ልጅ ያልቆነጠጣችሁ ስንት ናችሁ? እኔን እናቴ ቆንጥጣኛለች፣ ያውም ለአንዲት ፍየል። ጅራቷን አወፍሬው ባለ አምስት እግር መስላ ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ግድግዳ እየታየ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 አፈወርቅ እንግሊዝ አገር ሄዶ የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠና ተወሰነ። በወሰኑት ላይ አልፈርድም። አገሪቱ ከወረራ ከወጣች ገና ስድስት ዓመቷ ነበር፤ መሐንዲስ በእጅጉ ያስፈልጋት ነበር። እኔም በቦታቸው ብሆን ያንኑ እወስን ነበር፤ የሥዕል መምህር ሆኜ ይህን ማለቴ ያሳፍረኛል እንጂ። ንጉሠ ነገሥቱም ተጓዦቹን ተማሪዎች ሲሰናበቱ፣ ስትመለሱ ስላያችሁት ረጅም ፎቅና ሰፊ መንገድ አትንገሩን፣ ኢትዮጵያን መልሶ የሚገነባ ሙያና አስተሳሰብ ይዛችሁ ኑ ማለታቸውን አፈወርቅ ካደገ በኋላ ያስታውሰው ነበር።

የገባው ሬዲንግ ከተማ ባለው ሌይተን ፓርክ በተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። የሰው አገር ኑሮ ከበደው፤ ጉልበተኛ ልጆችም አስቸገሩት። በትምህርቱ ግን ማን ይደርስበታል! በሒሳብ፣ በኬሚስትሪና በታሪክ ጎበዝ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእኛ ቤት ሥዕል የሚተወው ሒሳብ ላቃተው ልጅ ነው፤ "እስቲ ሥዕል እንኳ ይሞክር" ይባላል። የአፈወርቅ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። መሐንዲስ መሆን ይችል ነበር፤ አልፈለገም።

ተሰጥኦውን ያየለት የትምህርት ቤቱ የሥዕል መምህር ነው፤ አይቶም ዝም አላለም፣ ግፋበት አለው። ከዚያ የማዕድኑ ነገር ቀረ። ለንደን ወደሚገኘው ሴንትራል የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም ስሌድ በተባለው ዝነኛ ትምህርት ቤት ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርዕይ ሲያሳይ ገና ሃያዎቹን መጀመሩ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደገና አውሮፓ ሄዶ በባለ ቀለም መስታወት መሥራትን ተማረ። አፍሪካ አዳራሽ የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን መስታወት ነው፣ ብርሃን ሲያገኝ ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ያ የአንኮበር ልጅ የፈለገውን ያህል ሰፊ ግድግዳ አገኘ።

እንግዲህ ወደ ውስጥ እንግባ። ከደረጃው ሥር አንድ ባዶ ነጭ ግድግዳ ታያላችሁ። ሥዕል አንሶን አይደለም። ከሥሩ ከሰልና ቀለም ተቀምጧል፤ ርእሰ መምህሩን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ልጆች፣ ዛሬ የሚቆነጥጣችሁ የለም። ወላጆችም መሞከር ትችላላችሁ፤ ፍየሏን ግን ለእኔ ተዉልኝ።

አመሰግናለሁ።