ጀርባን ለሜዳው ሰጥቶ፦ የስፖርት ቢዝነስ ማስተርስ ኑሮ

እሱ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ከውጭ የጠራነው እንግዳ የለም። እንግዳዋ እዚሁ አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ናት። ሁለት ዓመት አሜሪካ፣ ሚድዌስት በሚባለው የአገሪቱ ክፍል ውስጥ፣ ስፖርት አድሚኒስትሬሽን ማለትም የስፖርት አስተዳደርና ቢዝነስ በማስተርስ ተምራለች። ብዙዎቻችሁ "ኳስ በጣም እወዳለሁ፣ ይሄን ልማር ወይ?" ብላችሁ ጠይቃችሁናል። እስቲ ከመጀመሪያው ቀን እንነሳ።

እሷ፦ የመጀመሪያው ቀን ፕሮፌሰራችን ገባና "እዚህ የመጣችሁት ስፖርት ስለምትወዱ ነው አይደል?" አለን። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ጨዋታ የምታዩበት ጊዜ አይኖራችሁም" አለ። ሊያስፈራራን መስሎኝ ነበር። እውነቱን ነው።

እሱ፦ እንዴት ሆኖ?

እሷ፦ ቀን ትማራለህ፣ ማታ ትሠራለህ። የዩኒቨርሲቲው ቅርጫት ኳስ ቡድን ሲጫወት በር ላይ ትኬት የምንቆጣጠረው፣ የስፖንሰር እንግዶችን ቦታቸው የምናደርሰው፣ በእረፍት ሰዓት ለልጆች ውድድር የምናዘጋጀው እኛ ነን። ዓይንህ ሁሌም ተመልካቹ ላይ ነው። ጀርባህን ለሜዳው ሰጥተህ ትቆማለህ። ሕዝቡ ሲጮህ ምን እንደተፈጠረ የምታውቀው ከሰው ፊት አንብበህ ነው።

እሱ፦ ይሄ ለኳስ ወዳድ ከባድ ነው።

እሷ፦ መጀመሪያ ያማል። አንድ የኅዳር ማታ አልረሳውም። ብርዱ አጥንት ይገባል። በር ላይ ቆሜ ትኬት የሚያነበውን መሣሪያ ይዣለሁ። እጄ ደንዝዟል። መሣሪያው ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ የተሸጠው ትኬት፣ ሌላው በሩን አልፎ የገባው ሰው። ጨዋታው ተጀመረ፣ ከተሸጠው ግማሹ እንኳ አልገባም። እኔ ደግሞ በሆዴ "ምን ቸገረን፣ ገንዘቡ እንደሆነ ገብቷል" እያልኩ ነው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ይሄንኑ ተናገርኩ።

እሱ፦ ምን አሉሽ?

እሷ፦ ፕሮፌሰሩ "ትናንት ያልመጣው ሰው የሚቀጥለው ዓመት ትኬት አይገዛም" አለኝ። ያልመጣ ሰው የመኪና ማቆሚያ አይከፍልም፣ የሚበላ አይገዛም፣ ማሊያ አይገዛም። ስፖንሰሩም የሚከፍለው የሰው ዓይን ፍለጋ ነው። ባዶ ወንበር ደግሞ ዓይን የለውም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሌላ ዕቃ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል። እንጀራ እንኳ ቢያድር ፍርፍር ይሆናል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ግን ያልተሸጠ ወንበር ምንም አይሆንም።

እሱ፦ ኧረ ይሄ ጥሩ አገላለጽ ነው! እስቲ ይህ ትምህርት ከየት እንደመጣ ንገሪን። ስፖርት በማስተርስ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ ሲባል የሚገርመው ብዙ ሰው አለ።

እሷ፦ ታሪኩን በጣም ነው የምወደው። እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ዋልተር ኦማሊ የብሩክሊን ዶጀርስ የቤዝቦል ክለብ ባለቤት ነበር። ቡድኑን ከኒውዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ ያዛወረው እሱ ነው፤ ብዙ የብሩክሊን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም። ታዲያ በዚያው ዓመት ጄምስ ሜሰን ለሚባል ምሁር ደብዳቤ ጻፈ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ስታዲየም ለማስተዳደርና ክለብ ለመምራት ተብሎ የተማረ ሰው ከየት ይገኛል የሚል ነው። በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረም። ክለብ የሚመሩት ብዙ ጊዜ ወይ ድሮ ተጫዋች የነበሩ፣ ወይ የባለቤቱ ዘመዶች ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የማስተርስ ፕሮግራም ከፈተ። በ1971 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ተከተለ። ዛሬ በብዙ ስቴቶች አለ።

እሱ፦ ከአንድ ደብዳቤ!

እሷ፦ ከአንድ ደብዳቤ። ጥያቄው የመጣው ገንዘቡ ከሚፈስበት ከባለቤቱ ዘንድ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ እስከ ዛሬ የሚያየው በባለቤቱ ዓይን ነው። የትኬት ዋጋ፣ የስታዲየም ብድር፣ የቴሌቪዥን መብት፣ የስፖርት ሕግ። ተጫዋቹ በዚያ መዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ወጪ ነው የሚታየው። ይሄ እኔን ያስቆጨኝ ነበር። እዚህ ላይ የጫማውን ነገር ልንገርህ?

እሱ፦ ንገሪን እንጂ!

እሷ፦ የስፖንሰርሺፕ ክላስ ላይ እያንዳንዳችን አንድ ጉዳይ ይዘን እንድንቀርብ ታዘዝን። እኔ እ.ኤ.አ. በ2023 የበርሊን ማራቶን ላይ የታየውን የአዲዳስ ጫማ መረጥኩ። 138 ግራም የሚመዝነውን፣ በ500 ዶላር የተሸጠውን፣ ለገበያ መጀመሪያ 521 ጥንድ ብቻ የወጣውን። የመጀመሪያውን ስላይድ ስከፍት ክፍሉ ሁሉ ጫማውን ያውቀዋል። ዋጋውን ያውቃሉ፣ ክብደቱን ያውቃሉ። "ጫማውን አድርጎ የሮጠው ማን ነበር?" ብዬ ጠየቅሁ። ዝም።

እሱ፦ ትዕግስት አሰፋን አያውቋትም?

እሷ፦ አንድም የሚያውቃት ሰው አልነበረም። 2:11:53! የነበረውን የሴቶች ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ነው ያሻሻለችው። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ እውነቴን ነው። ስላይዱን ትቼ ስለ እሷ ነው ያወራሁት። ከ800 ሜትር ተነስታ ማራቶን እንዴት እንደደረሰች። ከዚያ ወደ ውሉ ገባን። የሯጮች የጫማ ውል ብዙውን ጊዜ ምን ይላል? ክብረ ወሰን ሲሰበር ቦነስ አለ። ተጎድተህ ሳትሮጥ ስትቀር ደግሞ ክፍያ የሚቀነስበት አንቀጽ አለ። ያን አንቀጽ በእንግሊዝኛ ሕግ ቋንቋ አንብቦ "ይሄ አይሆንም፣ ይስተካከል" የሚል ሰው ከሯጩ ጎን ተቀምጧል ወይ? የእኔ ጥያቄ ይሄ ነበር፣ አሁንም ይሄ ነው። ሯጭ ሞልቶናል። ውል የሚያነብልን የራሳችን ሰው ግን ጥቂት ነው።

እሱ፦ እኔ እኮ ይሄን ስሰማ የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ነው ትዝ የሚለኝ።

እሷ፦ እሱንም አቅርቤዋለሁ! ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀምረው 10 ሺህ ሰው ነበር፣ ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ይሮጣል። ቲሸርቱ ራሱ ትኬት ነው፣ ራሱ የስፖንሰር ሰሌዳ ነው። ሰውም ሩጫው ካለፈ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ይለብሰዋል። አሜሪካኖቹ የክፍል ጓደኞቼ በዚህ ተገረሙ። እዚያ ስፖንሰር ሌሊት የሚያልመው ነገር ነው።

እሱ፦ እሺ፣ አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው።

እሷ፦ የትምህርት ክፍያው ከባድ ነው። ብዙዎች የሚወጡት ግራጁዌት አሲስታንት፣ ማለትም እየተማረ የሚሠራ ረዳት፣ ሆነው ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ትሠራለህ፣ የትምህርት ክፍያህ ይቀነስልሃል ወይም ይነሳልሃል። ሳትጠይቅ ቀርተህ የክፍያው ደብዳቤ ሲመጣ እንዳትደነግጥ፣ ገና ስታመለክት ጠይቅ። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ በትምህርት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም። የጨዋታ ሳምንት ሲመጣ ሰዓት መቁጠር ያስፈልጋል፣ ቀልድ አይደለም። ከምረቃ በኋላ የሥራ ፈቃዱ 12 ወር ነው። ኢንጂነሪንግና ሳይንስ የተማሩት ሌላ 24 ወር ይጨመርላቸዋል፤ ስፖርት ማኔጅመንት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ አይገባም። በዚያ 12 ወር ውስጥ ያለ ሥራ መቆየት የምትችለው በድምሩ 90 ቀን ነው። ስለዚህ ሥራ ፍለጋው የሚጀመረው ከመመረቅህ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው።

እሱ፦ የመጀመሪያው ሥራስ?

እሷ፦ ስልክ። ለብዙዎቹ ስልክ ነው። የክለቡ የትኬት ሽያጭ ክፍል ትገባለህ፣ ዝርዝር ይሰጥሃል፣ ቀኑን ሙሉ ትደውላለህ። ሰው ይዘጋብሃል። ዘዬ ካለህ አንዳንዱ ገና ስምህን ስትናገር ይዘጋል። እኔ ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) የወጣሁበት አንድ ክለብ ስፖንሰርሺፕ አስተምርሻለሁ ብሎ ወስዶኝ ሦስት ወር ሣጥን አሸከመኝ፣ ወንበር አሳጠፈኝ። ያለ ክፍያ። አለቀስኩ። ቤተሰብ ደውሎ "እንዴት ነው ሥራ?" ሲለኝ "ደህና ነው" ነበር የምለው።

እሱ፦ አይዞሽ። ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።

እሷ፦ አሁን ነገርኩህ። ስልኩን ግን አልጠላም፣ ከሣጥኑ ይሻላል። ስልክ ላይ ደጋፊ ማን እንደሆነ ትማራለህ። አንዲት አሮጊት ሴት ለ40 ዓመት ያንኑ ወንበር እንደያዙ ነገሩኝ። ባላቸው ከሞቱ በኋላም ሁለቱንም ወንበር ይገዛሉ። ይሄን የትኛውም መጽሐፍ አያስተምርህም።

እሱ፦ አሜሪካ ካልሆነስ? አውሮፓ ያሉ አድማጮች አሉን።

እሷ፦ የፊፋ ማስተር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያለ የአንድ ዓመት ፕሮግራም ነው። ሦስት ከተማ ትዞራለህ፦ እንግሊዝ ሌስተር ላይ የስፖርት ታሪክ፣ ሚላን ላይ ማኔጅመንት፣ ስዊዘርላንድ ኑሻቴል ላይ ሕግ። ኮሪያዊው ፓርክ ጂ ሱንግ ከማንችስተር ዩናይትድ በኋላ እዚያ ገብቶ ተምሯል። የቀድሞው የጃፓን አምበል ሚያሞቶም ተምሮ ዛሬ የአገሩን ፌዴሬሽን ይመራል። የሚወስዱት ትንሽ ሰው ስለሆነ ፉክክሩ ከባድ ነው። ግን ከእኛም ተጫውተው ያቆሙ ልጆች ቢያመለክቱ ደስ ይለኛል።

እሱ፦ ለመጨረሻ፣ ኳስ ማየትሽስ ተመለሰ?

እሷ፦ የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ላይ አለቃዬ "ዛሬ ሥራ የለሽም፣ ተቀምጠሽ እይ" አለችኝ። ጥሩ ቦታ ሰጠችኝ፣ ፊት ለፊት። ጓደኞቼም አብረውኝ ነበሩ። ጨዋታው ተጀመረ። ትንሽ ቆይቶ አጠገቤ ያለችው ልጅ "ምን እያየሽ ነው?" አለችኝ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ያለውን ባዶ ወንበር እየቆጠርኩ ነበር። "14ኛው ረድፍ ላይ ሰባት ቀርቷል" አልኳት። እሷም ዞራ ቆጠረች። "ስምንት ነው" አለችኝ።