ወደራስህ ሳብ አርገህ አዙረው

እሺ... ይሰማል? ይሰማል መሰለኝ።

ድምፄ የተቀየረ ከመሰላችሁ እኔ አይደለሁም፣ ክፍሉ ነው። ግድግዳው ባዶ ነው፤ መጋረጃ እንኳን ገና አልሰቀልኩም። ደግሞ የሚንጠባጠበው ቧንቧ የለም። አዎ፣ ያ ቧንቧ። «እባክሽ አሠሪው፣ በጆሮ ማዳመጫ ስንሰማሽ ያሳብደናል» እያላችሁ ስትጽፉልኝ የነበራችሁ በሙሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ቧንቧው ከነጠብታው የባንኩ ሆኗል። ከፈለጉ ያሠሩት።

ባለፈው «ቤቱን ለባንኩ ላስረክብ ነው» ብዬ ነው የተለያየነው። አስረከብኩ። ከዛ በኋላ የደረሰኝ መልእክት ሁሉ ማለት ይቻላል «እንኳን ተገላገልሽ» የሚል ነው። አመሰግናለሁ፣ ከልባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከምን እንደተገላገልኩ ልንገራችሁ? ከደረጃው። ከዛ ከማያልቅ ደረጃ። ከዕዳው ግን አልተገላገልኩም።

ብዙ ሰው ቁልፉን ከመለሰ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። አያልቅም። ቁልፍ መመለስ ማለት እንዲሸጡት መንገድ መልቀቅ ነው በቃ። ብድሩ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ወለድ መቁጠሩን አይተውም። የኢንሹራንሱ፣ የገማቹ፣ የሐራጁ ወይ የደላላው፣ የጠበቃው፣ ቁልፍ የሚቀይረው ሰውዬ ሳይቀር፣ ሁሉም ወጪ እዛው ላይ ይደመራል። ቤቱ ሲሸጥ ያወጣው ዋጋ ከዛ ላይ ይቀነሳል። ከተረፈ ይመለስልሻል። ከጎደለ ደግሞ ትጠየቂያለሽ። እና ባዶ ቤት፣ ባንክ ቶሎ ሊገላገለው የሚፈልገው ቤት፣ ባለቤቱ ተረጋግቶ ቢሸጠው የሚያወጣውን ብዙ ጊዜ አያወጣም። ለዛ ነው የሚያውቁ ሰዎች «ባንኩን አስፈቅደሽ ራስሽ ሽጪው» የሚሉት። ሞክረናል እኮ። ገዢ በመጣ ቁጥር ቧንቧው እንዳይሰማ የውኃውን ዋና መዝጊያ እየዘጋሁ ቆሜ ፈገግ የምልበትን ኤፒሶድ ታስታውሳላችሁ።

እሺ፣ ወደ ነገሬ።

አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ትንሽ ነገር ነው። ስነግራችሁ «ይሄ ነው?» ትሉኝ ይሆናል።

ከባንኩ የመጣው ልጅ ነው። ልጅ ነው የምለው፣ ከታናሽ ወንድሜ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ማኅደር በብብቱ ይዟል። ትሑት፣ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። በሩ ክፍት ሆኖ እያለ አንኳኩቶ «ይቅርታ፣ ልግባ?» አለኝ። ግባ አልኩት። ክፍል ለክፍል ዞረ፣ ፎቶ አነሳ፣ የመብራት ቆጣሪውን አነበበ፣ የውኃውን አነበበ። ቧንቧውን ሰማው። ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም፣ ጻፈ። «ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። የርክክብ ቅጹን ፈረምኩ፣ ፈረመ፣ አንዱን ቅጂ ሰጠኝ። እስከዚህ ደህና ነኝ። እንደውም ትንሽ ኮራ ብያለሁ፤ አላለቀስኩም፣ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

(እግረ መንገዴን፣ ይሄ ነገር የሚመጣባችሁ ካላችሁ ያቺን ቅጂ ሳትይዙ እንዳትወጡ። ቀኑ የተጻፈባት፣ የቆጣሪው ንባብ የተጻፈባት። በኋላ «ቤቱ ተሰብሮ ነው ያገኘነው» ቢባል የምታወጡት ያንን ነው። አዲሱን አድራሻችሁንም በጽሑፍ ስጧቸው። አለበለዚያ የሽያጩም የቀሪ ዕዳውም ደብዳቤ እዛው ባዶ ቤት በር ሥር እየተንሸራተተ ይከመራል፣ እናንተ ደግሞ ዝም ስላሉ የተረሳችሁ ይመስላችኋል።)

ከዛ ወጣን። ልጁ በሩን ሳበው፣ ቁልፉን አስገባ፣ አዞረ። እምቢ አለው። ደግሞ አዞረ። ያ በር ዝም ብሎ በማዞር አይቆለፍም፤ ዘመም ብሏል። ቁልፉን አወጣና አየው። ሌላኛውን ሞከረ። እኔ ቦርሳዬን አንግቤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ጆሮው ቀላ። ከዛ ዞር አለና፣ እስከዛች ደቂቃ በ«እርስዎ» ሲያናግረኝ የነበረው ልጅ፣ «እህቴ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሆነው?» አለኝ።

«ወደራስህ ሳብ አርገህ አዙረው» አልኩት።

ሳበው። አልሆነም። «ሳብ፣ ከዛ ትንሽ ወደላይ አንሳው።» አልሆነም። በዚህ ጊዜ እጄን ዘርግቼ እጀታውን ያዝኩለት። ያዝኩለት ነው የምላችሁ። እኔ ሳብኩ፣ እሱ አዞረ። ጠቅ አለ።

«አመሰግናለሁ» አለኝ።

«ምንም አይደል።»

ምንም አይደል! ሰው እንዴት... ኧረ በስመአብ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄንን ነው የማመላልሰው። ፊርማውን አይደለም፣ ማስጠንቀቂያዎቹን አይደለም፣ ገማቹ ግድግዳዬን በጣቱ እያንኳኳ ራሱን ሲነቀንቅ የነበረውንም አይደለም። እጀታውን። እጄን ማን አዘዘው?

በሒሳብ ከሄድን ልክ ነኝ። ያ በር አልቆለፍ ቢል ቁልፍ ሠሪ ይጠራል፣ የቁልፍ ሠሪው ሒሳብ እኔው ብድር ላይ ይደመራል። ስለዚህ ወጪ ቀነስኩ። ግን ያኔ ይሄን አላሰብኩም፤ አስቤው ቢሆን ኖሮ አሁን ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ያሰብኩት «ምስኪን፣ ተጨነቀ» ብቻ ነው። ለልጁ አዘንኩለት! እኔ! በዛች ሰዓት!

ሌላኛውን ስሪትም እሞክረዋለሁ፣ ማታ ማታ። ዝም የምልበትን። «እንዴት ነው የሚሆነው?» ሲለኝ «እኔ ምን አውቄ፣ ቤቱ የናንተ ነው» ብዬው ደረጃውን የምወርድበትን። ስሞክረው ደስ ይላል፣ አልዋሻችሁም። ግን ደረጃው መሀል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እመለሳለሁ። በሐሳቤም እንኳን ተመልሼ እጀታውን እይዝለታለሁ። ጨዋነት ነው? ወይስ ቤቱ በደንብ ተቆልፎ እንዲያድር ፈልጌ ነው? በሩ ገርበብ ብሎ እያለ መሄድ አልችልም ነበር፣ ያንን አውቃለሁ። የማንም ይሁን። ወይም... አላውቅም፣ ያማረ ምክንያት እየፈለግኩ ይሆናል።

አሜሪካ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2008 አካባቢ፣ የቤት ዋጋ ሲወድቅ ብዙ ሰው ቤቱ ከሚያወጣው በላይ ዕዳ ቀረበት አይደል? ቁልፉን ፖስታ ውስጥ አሽገው ለባንኩ የላኩ ነበሩ። በቃ፣ በፖስታ። ስቀናባቸው ነው የሰነበትኩት። በፖስታ ከላክሽ ማንም ዞሮ «እህቴ» አይልሽም። ካሊፎርኒያን በመሰሉ ግዛቶች ደግሞ ብድሩ የምትኖሪበትን ቤት ለመግዛት የተወሰደ ከሆነ፣ በአብዛኛው ባንኩ ከቤቱ አልፎ ወደ ኪስሽ መምጣት አይችልም። ቤቱን ወሰደ፣ አለቀ።

ስፔን ግን ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 1911 ተበዳሪ አሁን ባለው ብቻ ሳይሆን ወደፊት በሚያገኘው ንብረትም ይጠየቃል ይላል። ወደፊት በሚያገኘው! ስለዚህ ያኔ ሰዉ ቤቱንም አጣ፣ ዕዳውም ተከትሎት ወጣ። በ2009 ባርሴሎና ላይ ተሰብስበው ንቅናቄ ጀመሩ፤ ከመሪዎቹ አንዷ አዳ ኮላው ኋላ ከ2015 እስከ 2023 የከተማዋ ከንቲባ ነበረች። ከዋና ጥያቄዎቻቸው አንዱ «ቤቱን ካስረከብን ዕዳው ይሰረዝልን» የሚል ነበር። በ2012 ለዛ በር የሚከፍት ደንብ ወጣ፣ ግን በጣም ለተቸገሩት ብቻ፣ ቅድመ ሁኔታው ብዙ ነው። እንግሊዝ ደግሞ አበዳሪው ለጎደለው ዋና ብድር እስከ 12 ዓመት፣ ለወለዱ እስከ 6 ዓመት ድረስ ክስ መጀመር ይችላል። 12 ዓመት። አሁን የተወለደ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ይደርሳል።

ይሄን ሁሉ የማነበው እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው። ለምን እንደማነበው አትጠይቁኝ፣ የኔ ውል የኔ ውል ነው፣ የስፔን አንቀጽ አያድነኝም። ግን የሆነ ቦታ፣ የሆነች ሴት፣ እሷም እጀታ ይዛ ይሆናል ብዬ መሰለኝ።

ተባባሪ አዘጋጃችን ደወለ፣ በነገራችን ላይ። አዎ፣ እሱ፣ ብድሩን አብሮኝ የፈረመው። ለአዲሶች፣ አንድ ጊዜ ስቀዳ ከጓዳ ስላሳለ ነው ይሄን ማዕረግ የሰጣችሁት እንጂ ምንም አዘጋጅቶ አያውቅም። ለርክክቡ ፊርማውን በሰው ልኮ፣ ራሱ አልመጣም። ከዛ ደወለና «ስንት ይቀርብናል?» አለኝ። ደህና ነሽ ወይ የለ፣ ምን የለ። እስኪሸጥ ማንም አያውቅም አልኩት። «ግማሽ ግማሽ ነው ግን አይደል?» አለ። ሳቅኩ። ውሉን ያኔም አላነበበውም ማለት ነው። ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲበደር ባንኩ ግማሽ ግማሽ አያውቅም፤ ያገኘውን አንዱን ሙሉውን መጠየቅ ይችላል። መካፈሉ የናንተው ጉዳይ ነው። ይሄን ስነግረው ዝም አለ። ዝምታው ደስ አለኝ። ከዛ ደስ ማለቱ ደበረኝ። እሺ፣ ስለሱ አላወራም ብዬ ነበር፣ አላወራም።

ስለ ጋሼ ላውራ። ጋሼ እኮ የርክክቡ ቀን ከመድረሱ በፊት ነበር የመጣው፣ ዕቃ ሊያወጣልኝ። «አምፖሎቹንም ፍቺ» አለኝ። ጋሼ፣ አምፖል? «ታዲያስ! በገንዘብሽ የገዛሽውን!» ተከራከርን። ቁምሳጥኑ፣ የጓዳው መደርደሪያ፣ ግድግዳው ላይ ተገጥሞ የተሠራ ነገር ሁሉ ከቤቱ ጋር ነው የሚሄደው፣ መያዣው ውስጥ ነው፤ ብትነቅይው ያስጠይቅሻል። መጋረጃና ምንጣፍ ያንቺ ነው። አምፖል የት እንደሚመደብ ግን ሁለታችንም አናውቅም። እሱ ወንበር ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ እየፈታ፣ በጨርቅ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ከተታቸው። ያ ትልቅ ሰውዬ፣ በጉልበቱ፣ ወንበር ላይ። የኮሪደሩን ብቻ ተውለት አልኩት። «ለማን?» አለኝ። የሚመጣው ሰው እንዳይደናቀፍ አልኩት። ወንበሩ ላይ እንደቆመ ወደታች አየኝ። አስተያየቱን መግለጽ አልችልም። «አንቺ ልጅ» ብቻ አለኝ።

አያችሁ፣ እጀታው ከዛ ቀን በፊት ተጀምሯል ማለት ነው።

ጋሼ ግን... ይሄን ተናግሬ አላውቅም። ጋሼ ዋሴ ነው። ያኔ ሲፈርም ገጹን እንኳን አልገለጠም፣ «አንቺ ካልሽ» ብሎ ፈረመ። የጎደለውን እኔ ካልከፈልኩ ወደሱ ይሄዳሉ። ያውቃል? ሲፈርም የሆነ ሰው አስረድቶት ይሆናል። ወይም ዋስ ማለት ለወጉ የሚፈረም ፊርማ መስሎት ይሆናል፤ የሱ ትውልድ ሰው ለሰው እንዲሁ ነው የሚፈርመው። ጠይቄው አላውቅም። አምፖል ሲፈታ ልጠይቀው ነበር፣ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ግን ወንበር ላይ የቆመ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አይጠየቅም ብዬ ተውኩት። ከወረደ በኋላ ደግሞ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ባንኩን ልጠይቅ እችላለሁ። ለጎደለው በየወሩ የምችለውን ልክፈል፣ ጋሼን ተዉት፣ በጽሑፍ ስጡኝ ማለት ይቻላል። አበዳሪዎች አንዳንዴ ይስማማሉ፣ የማይስማሙም አሉ። ግን ያንን ስጠይቅ ስሙን ማንሳቴ አይቀርም፣ ረስተውት ከሆነ ላስታውሳቸው ነው። አይረሱም ግን፣ ባንክ ምን ይረሳል? ያ ትሑት ልጅ ይሆን የጋሼን በር የሚያንኳኳው? ጋሼ ደግሞ ያስገባዋል። አስገብቶ ያስቀምጠዋል፣ ስለ ቤተሰቡ ይጠይቀዋል፣ ታውቁታላችሁ እንዴት እንደሆነ።

ጋሼ ይሄን ኤፒሶድ አይሰማም፣ ልጆቹ ግን ይሰማሉ። ምናልባት ይሄን ቦታ ልቁረጠው። ወይ ልተወውና እነሱ ይንገሩት... አይ፣ እንደሱ አይሆንም። መጀመሪያ ልደውልለት። ዛሬ ግን አልችልም፣ ዛሬ ስደውል ከድምፄ ያውቅብኛል፣ ነገ ደግሞ እሱ...